የታጠፈው አውራ ጣት

መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለልጄ ለዓለምሸት፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ኮሌጅ ላቦራቶሪ

በታላቅ ሐዘን የማስታውቅሽ፣ የትምህርት ቤታችን አንድያ ቢውሬት፣ ያ ጠብታ መለኪያ የመስታወት ቱቦ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ በአምስት ሰዓት ተኩል ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን ነው። ሟቹ በጭድ ተጠቅልሎ ከመጣበት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አንዲት ጠብታ ሳይለካ፣ አንድ ቀን ሳይታመም፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት በቁም ሳጥን ውስጥ ቆሞ አገልግሏል። ሥርዓተ ቀብሩ በቆሻሻ ጉድጓዱ ተፈጽሟል። ከኋላው ሁለት ብልቃጥና አንድ አፉ የተሸረፈ ማጥለያ ትቷል።

ገዳዩ መምህር ሲላስ ነው፤ የስፖርቱ። ላቦራቶሪው እኩሌታው የኳስ መጋዘን መሆኑን ታውቂያለሽ። ኳስ ሊነፋበት አፉ ላይ ሰክቶ አገኘሁት። «ቀዳዳ አለው አይደል? ምን ልዩነት አለው ቲቸር?» አለኝ። ልዩነቱን በወንበር አስረዳሁት። እሱም በኳስ መንፊያው መለሰልኝ። እኔ አንድ ጥርስና ስልኬን፣ እሱ ግራ ቅንድቡን አጥተናል። ርእሰ መምህሩ ከጠረጴዛ ሥር ሆነው በቃለ ጉባኤ ያሰፈሩት «መጠነኛ አለመግባባት» ተብሎ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሱፐርቫይዘሮች ይመጣሉ፤ የአሲዱን ጠርሙስ መለያ ወረቀት ደግሞ በረሮ በልቶታል። ባዶውን በሹፌር አዲሱ ሚኒባስ ልኬልሻለሁ። አዲስ ወረቀት ለጥፊልኝ፤ የራስ ቅሉ ከሩቅ የሚታይ ይሁን። ውስጡ እንደማያስጨንቅሽ የታወቀ ነው፤ ተማሪ ሳለሽ ከቧንቧው እየሞላሽ ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ። የዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍሎች የመጀመሪያ ሙከራ ጥቅምት 15 ነው። እንደ ልማዴ እጀታዬን ሰብስቤ እጄን በ«ሰልፈሪክ አሲድ» እታጠባለሁ፣ ሰባ ልጅ ትንፋሹን ይውጣል፣ ዓመቱን ሙሉ ጸጥታ ይሰፍናል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ውሃ ነው ብሎ አፉን የከፈተ አንድም ተማሪ የለም።

መምህርሽ ወልደጻድቅ

❖

መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለተከበሩ ቲቸር ወልደጻድቅ

ለሟቹ ነፍስ ይማር፣ ለጥርስዎም ጭምር። የኮሌጁ ላቦራቶሪ ከሁለት ቢውሬቶች አንዱን በአደራ ሰጥቶዎታል፤ በቡና ጆንያ ጠቅልዬዋለሁ። ጠርሙሱም ወረቀቱ ተለጥፎ፣ እንደ ልማዳችን ሞልቼው፣ በአዲሱ እጅ ይደርስዎታል።

አሁን ደግሞ ወደ እኔ ጉዳይ። ረስተዋል እንጂ አፉን የከፈተ ተማሪ አለ። በ2009 ዓ.ም.፣ ሦስተኛ ወንበር፣ ከኔ በስተግራ፤ ካሰች። «ቲቸር፣ ውሃ ነው እንዴ?» አለች። ቀኝ እጅዎ ከትከሻዎ ሲነሳ አሁንም ይታየኛል። ሌላው መምህር በሰፊው መዳፉ ነው የሚማታው፤ እርስዎ ግን አውራ ጣትዎን ጫጩት በዶሮ ክንፍ ሥር እንደምትገባ አጥፈው መዳፍዎ ውስጥ ይደብቁታል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያረፈባት። ከግራ ጆሮዋ የወጣው ደም ደብተሬ ላይ ነበር የፈሰሰው። ጆሮዋ ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰማም።

የምጽፍልዎ ሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ቴፒ ቡና መቀሸሪያ ስትሠራ አንድ ኢሱዙ በግራዋ በኩል ኋላ ማርሽ አስገብቶ ሲመጣ ሰው ሁሉ ጮኸ፤ እሷ አልሰማችም። ጭኗ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የመቀሸሪያው ኃላፊ ለሕክምናዋ አልጠየቅም ብሏል። ምክንያቱስ? ከእናንተ መዝገብ ቤት ያስወጣው ቃለ ጉባኤ፦ «ተማሪዋ ከደረጃ ወድቃ ጆሮዋን ተጎድታለች።» ኃላፊው ይህን ይዞ «ይቺ ልጅ መውደቅ የቆየ አመሏ ነው፤ መኪናውም ሥር ራሷ ናት የወደቀችው» ይላል።

አንድ ገጽ ይጻፉልኝ። ወድቃ ሳይሆን ተመትታ እንደሆነ። ፊርማና ማኅተም ያለው።

ዓለምሸት

❖

መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለልጄ ለዓለምሸት

ቢውሬቱ በሰላም ገብቷል፤ አቀባበሉም ደማቅ ነበር። የሲላስ እግር ኳስ ቡድን ለወንበሩ ብድር መላሽ ሆኖ ላቦራቶሪውን በድንጋይ ደበደበ፤ ሦስት መስኮት ረገፈ። እኔም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጦሬን በመጥረጊያ እንጨት አሰልፌ ወጣሁ። የግብ ጠባቂያቸው ክንድ ተሰብሯል፤ ከኔ ወገን አንድ ልጅ ግንባሩን ሰባት ቦታ ተሰፍቷል። ርእሰ መምህሩ «የወዳጅነት ጨዋታ» ብለው መዝግበዋል። ካታሊስትም ሥራ ላይ ነው። አልረሳሽውም መቼም፣ የምገርፍበትን፣ ጋዝ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቀውን የቡንሰን ምድጃ ጎማ፤ ካታሊስት ያልኩት ራሱ ሳያልቅ ሌላውን ስለሚያፋጥን ነው።

ጠርሙሱን ቁም ሳጥኑ ላይ አኑሬዋለሁ። አዲሱ ተሸክሞ ሲያስገባው «ቲቸር፣ ልጅቷ ድንጋይ ነው እንዴ የሞላችው?» አለኝ። የሹፌር ቀልድ።

ስለ ካሰች አዝኛለሁ፤ ምሕረቱን ያውርድላት። ነገር ግን ስለ ጠየቅሽኝ ነገር በግልጽ ልንገርሽ፦ የተጻፈ ተጽፏል። ተማሪዋ ከደረጃ ወድቃለች። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው። ትምህርት ቤታችን ደረጃ የለውም እንደምትይ አውቃለሁ፤ በዕቅድ ላይ ነበር። ደግሞስ ምስክር ብለው ከፈረሙት ሦስት ተማሪዎች የመጀመሪያዋ ማን ናት? ያቺን ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።

መምህርሽ ወልደጻድቅ

❖

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለቲቸር ወልደጻድቅ

ሰላምታዬን ባለፈው ደብዳቤ ጨርሻለሁ።

አዎ፣ ፈርሜያለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የኬሚስትሪ ውጤቴ በአንድ እጅዎ፣ ካታሊስት በሌላው እጅዎ ነበሩ። ውሃ መሆኑን ከክፍሉ ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠዋት የሞላሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ እውነት ተናግራ ደሟ ደብተሬ ላይ ሲፈስ፣ እኔ ደብተሬን ወደ ራሴ ሳብኩ። እንዳይበላሽብኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ትናንት የመቀሸሪያው ኃላፊ ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ የስንብት ወረቀት ሰጣት። አስታማሚው ወንድሟ አንገቱን አነቀው፤ ዘበኞቹ ደግሞ ወንድሟን ኮሪደሩ ላይ አንጋለው ረጋገጡት። ካሰች በአንድ ጆሮዋ ሰማችው። «ደረጃውን ጠይቂልኝ፤ ስንት እርከን ነበረው?» አለችኝ።

«አንተ» ልልዎት ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ፤ ይህም የካታሊስት ሥራ ነው። እስከ ጥቅምት 15 ያቺን አንድ ገጽ ካልጻፉ ግን ኬሚስትሪ ራሷ ትጽፍብዎታለች።

ዓለምሸት

❖

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለወይዘሪት ዓለምሸት

ማስታወቂያ። ከዛሬ ጀምሮ ከሚዛን ተፈሪ የሚመጣ ማንኛውም ደብዳቤ ሙከራው እስኪያልፍ ሳይከፈት ኮቴ ኪስ ውስጥ ይቆያል። እኔን በኬሚስትሪ የምታስፈራሪ አንቺ ማን ነሽ? ኬሚስትሪን ያስተዋወቅኩሽ እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ልኬ የዳርኩሽ ያህል ነው። በደግ ዘመን ቢሆን ኖሮ አዲሱን አሳፍሬ ካታሊስትን እልክልሽ ነበር።

ይልቅ የዘንድሮዎቹ መረን ናቸው። አንዲት ኢክላስ የምትባል፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ «ወንድሜ እዚህ ነው የተማረው፤ ውሃ ነው ብሎኛል፤ እኔም እታጠብበታለሁ» እያለች በክፍሉ ታስወራለች አሉ። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጫታለሁ። ጥቅምት 15 እንተያያለን።

ወልደጻድቅ

❖

ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቲቸር ጠርሙሱን አይንኩት!

ውሃ አይደለም። ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ዘጠና ስምንት በመቶ፣ ከኮሌጁ ቁም ሳጥን በገዛ እጄ የሞላሁት። እያወቅሁ ነው። ከካሰች አልጋ ተነስቼ በቀጥታ ሄጄ ነው የሞላሁት፤ ወረቀቱንም አስተካክዬ ለጠፍኩበት። ያቺን አንድ ገጽ ሲልኩልኝ «አይንኩ» ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። ካልላኩልኝ ደግሞ ዝም ልል።

ያሰብኩት ለእርስዎ ቀኝ እጅ ብቻ ነበር። ስለ ኢክላስ የጻፉትን ሳነብ ግን ወደ ስልክ ሮጥኩ። እታጠብበታለሁ የምትለዋን ልጅ እኔ የት አውቃታለሁ?

ካላመኑኝ ያንሱት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አንድ ሊትር የዚህኛው ግን ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ጥግግት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አዲሱ እንኳ አውቆታል!

ገጹን አልፈልግም። ካሰችን እኔ በሌላ መንገድ እረዳታለሁ። የርእሰ መምህሩ ስልክ ሦስት ቀን ሙሉ አይሠራም፤ መንገዱንም ናዳ ዘግቶታል። አዲሱ ግን ጭቃውን በእግሩ ተሻግሮ በእጅዎ እንዲሰጥዎ በእናቱ አስምዬዋለሁ። ቲቸር፣ በእግዚአብሔር፣ ደብዳቤዬን ይክፈቱት።

ዓለምሸት

❖

ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለልጄ ለዓለምሸት

ጽሑፉ የኔ አለመሆኑን አይተሽ እንዳትደነግጪ። የምናገረውን የሚጽፍልኝ መምህር ሲላስ ነው፤ የቢውሬቱ ገዳይ። (በጠላቴ እጅ ወደቅሁ ሲል ውሏል። ሰላም ነሽ እህቴ? — ሲላስ)

ደብዳቤሽ ጥቅምት 14 ደርሶኛል። አዲሱ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ «አሁኑኑ ክፈተው አለችህ» አለኝ። ማስታወቂያ አውጥቼ የለ? ሳልከፍት ኮቴ ኪስ ከተትኩት። በማግስቱም በዚያው ኮት ሰባ አንድ ተማሪ ፊት ቆምኩ።

ጠርሙሱን ሳነሳው ከበደኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ሃያ ዓመት በሰሌዳ ላይ ብቻ ያስተማርኩት ጥግግት ክንዴ ውስጥ ሲገባ ጊዜ አልወሰደበትም። ክዳኑ ተከፍቷል፣ ሰባ አንድ ልጅ ያየኛል። «ይህ እውነተኛ ነው» ብል፣ ያለፈው አሥራ አራቱስ ዓመት ሊባል ነው። ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ ኢክላስ ተነሳች፦ «ቲቸር፣ ምነው ዘንድሮ ከበደዎት? ውሃም ያስፈራል እንዴ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መጥታም የጠርሙሱን አንገት ያዘች፤ ወደ መዳፏ ልታፈስ። እኔም ልጅቷን ለመከላከል ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። የፈሰሰው በኔ እጅ ላይ ነው። (እኔ በመስኮት ነበርኩ፤ ልስቅበት ነበር የመጣሁት። እጁን አይቻለሁ። የሚለኝን ግን እጽፋለሁ። — ሲላስ)

የሆነውን አልዘረዝርልሽም። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ሲላስ በተሰበረው መስኮት ዘሎ ገብቶ በትከሻው ተሸከመኝ፤ ቧንቧው ሥር ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ እጄን ይዞ አጠበኝ። (ሲታገለኝ በቡጢ አስተኛሁት። የተሰበረው አንድ ጎድኑ የኔ ሥራ ነው፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።) ያ አሥራ አራት ዓመት አሲድ ሲባል የኖረ የቧንቧ ውሃ በመጨረሻ ለመድኃኒትነት በቃ። ኢክላስ ክንዷ ላይ ሁለት ጠብታ አርፎባታል፤ ጠባሳው አይለቃትም ብለዋል ሐኪሞቹ።

ከእጄ ጀርባና ከአራቱ ጣቶቼ ቆዳው ሄዷል። ጠመኔ የምይዝበት ነገር የለም። እግዚአብሔር ይመስገን አውራ ጣቴን አንዲት ጠብታ አልነካችውም። በተአምር።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት ሐኪም ቤት ነው፤ ያነበበልኝም ሲላስ ነው። ለአጣሪ ኮሚቴው አሲዱ በስህተት እንደመጣ ነግሬያለሁ፤ ስምሽን አላነሳሁም። ኮሚቴው «ተማሪዋን በገዛ እጁ የታደገ መምህር» የሚል የምስክር ወረቀት ሊሰጠኝ ወስኗል። ሰልፍ ይኖራል፤ የተማሪዎች ከበሮም አለ። ስለዚህ እኔና አንቺ ተካክሰናል። የካሰችን ነገር እንተወው፤ ያ እጅ ዕዳውን ከፍሏል።

ወልደጻድቅ (በሲላስ እጅ)

❖

ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለቲቸር ወልደጻድቅ

እንዴት አደሩ? እጅዎን እንዴት አደረገዎት? ይህን የምጠይቀው የምር ነው፤ መጠየቅ የማይገባኝ ሰው መሆኔን ሳልረሳ። በኢክላስ ክንድ ላይ ያሉት ሁለት ጠብታዎች የኔ ናቸው። ወላጆቿ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። እናቷ በጫማዋ ፊቴን መታችኝ፤ አባቷም በሩን እያሳየ «ውጪልኝ!» አለኝ። ወጣሁ።

ስሜን ካላነሱልኝ ተደብቄ ልቀር አስቤ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም። ኮሌጁ ዘንድ ሄጄ ማን እንደሞላው፣ ለምን እንደሞላው በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ከሥራ ታግጃለሁ፤ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን እሰጣለሁ። በ2009 የፈረምኩትንም ምስክርነት ሽሬ ለመቀሸሪያው ልኬያለሁ። «የአንድ ተማሪ ቃል ነው፤ የመታት ሰው ካላመነ ዋጋ የለውም» ብለው መለሱልኝ።

ደብዳቤዎን ለካሰች በቀኝ ጆሮዋ በኩል አነበብኩላት። ልጅቷን ታደጋት የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሰይ» አለች። «ለሷስ ደረሰላት።» ቀጠልኩ። አውራ ጣቱን አንዲት ጠብታ አልነካችውም የሚለው ላይ ስደርስ «ቁሚ» አለችኝ። «እስቲ ድገሚው።» ደገምኩት።

ከዚያ ሳቀች ቲቸር። ጭኗ በብረት ተቸንክሮ፣ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ ሰው ልጅን ከእሳት ሲመልስ እንደሚዘረጋው አምስቱን ጣቷን በትና አሳየችኝ። «እንዲህ ከሆነ የዘረጋው» አለችኝ፣ «አውራ ጣቱ ቀድሞ ይቃጠል ነበር።» ቀጥላም አውራ ጣቷን አጥፋ መዳፏ ውስጥ ደበቀችው። እጇንም ከትከሻዋ አነሳችው።

«ይሄን እጅ አውቀዋለሁ» አለች። «ሌላው ሁሉ ሲረሳው እኔ አውቀዋለሁ። ጠይቂልኝ፤ ታጥፎ ነበር ወይስ አልታጠፈም?»

ጠይቄያለሁ።

ዓለምሸት

❖

ቁጥር 1/2017
ቀን ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቡና መቀሸሪያው ኃላፊ
ለትምህርት ቤታችን አጣሪ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ ማረሚያ ስለ መስጠት

ይህ የተጻፈው በግራ እጅ ስለሆነ የፊደሉን መንጋደድ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መምህር ሲላስ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር፤ ይህንን ግን ራሴ መጻፍ አለብኝ ብዬዋለሁ። ማኅተሙን ከርእሰ መምህሩ መሳቢያ እሱ አምጥቶልኛል፤ እንዴት እንዳመጣው አልጠየቅሁም፤ ርእሰ መምህሩ ግን ዛሬ ያነክሳሉ።

አንደኛ፦ መስከረም 10 ለወይዘሪት ዓለምሸት በጻፍኩት ደብዳቤ «ውሃ ነው ብሎ አፉን የከፈተ አንድም ተማሪ የለም» ያልኩት ስህተት ነው። ሁለት ናቸው። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ሁለተኛ፦ በ2009 ዓ.ም. በቃለ ጉባኤው ስለ ካሰች «ተማሪዋ ከደረጃ ወድቃ» ተብሎ የሰፈረው «መምህር ወልደጻድቅ በቀኝ እጁ መትቷት» ተብሎ ይነበብ። በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ደረጃ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ልጅቷ የመውደቅ አመል የላትም። መኪናውን ያልሰማችው በኔ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፦ የተዘጋጀልኝ የምስክር ወረቀት ይቅር፤ ከበሮውም ይቅር። ጥቅምት 27 በጻፍኩት ደብዳቤና ለኮሚቴው በሰጠሁት ቃል «ልጅቷን ለመከላከል» የሚለው «ልጅቷን በጥፊ ለመምታት» ተብሎ ይታረም። ጥፊው ያረፈው ጠርሙሱ ላይ ነው።

አራተኛ፦ «በተአምር» የሚለው ቃል ተሰርዟል። አውራ ጣቴ ታጥፎ ነበር።

ወልደጻድቅ
የኬሚስትሪ መምህር

ግልባጭ፦ ለካሰች፣ በቀኝ ጆሮዋ በኩል የሚነበብ